በለንደን አረጋውያንን ለምትንከባከቡ ሐበሾች፦ “የትኛው ትራክ?” ብላችሁ ጠይቋቸው

ይድረስ በለንደንና በዙሪያዋ በኬር ሥራ ለተሰማራችሁ ወገኖቼ በሙሉ፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? የሌሊት ሺፍት ላይ ላላችሁት፣ ከአንዱ ደንበኛ ቤት ወደ ሌላው በአውቶቡስ ለምትሯሯጡት፣ ኬር ሆም ውስጥ ለምትውሉት ሁሉ ነው የምጽፈው። ስለ ደመወዝ አይደለም። ስለ ቪዛም አይደለም። ስለ እነሱ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ስለ ሞተር ሳይክል ውድድር ነው። አትሳቁ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብረናቸው የምንውላቸው እንግሊዛውያን አዛውንቶች ከእኛ ጋር የሚያወሩት ያጣሉ። እኛም እናጣለን። ስለ አየሩ እናወራለን። ሻዩ ስኳር ይኑረው አይኑረው እንጠይቃለን። ኳስ ከወደዱ ስለ አርሰናል ትንሽ እንላለን። ከዚያ ዝም። እነሱ ቴሌቪዥኑን ያያሉ፤ እኛ ስልካችንን። አለቃ ብቅ ሲል ስልኩ ወደ ኪስ ይገባል።

ግን ዛሬ 85 ዓመት ገደማ የሆነው ለንደናዊ በ1950 የ10 ዓመት ልጅ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።) ያኔ ስፒድዌይ የሚባል የሞተር ውድድር ከተማውን ይዞት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት በተመልካች ብዛት ከእግር ኳስ ቀጥሎ ይጠራ ነበር። ወንዱም ሴቱም፣ ባልም ሚስትም፣ ልጅም አያትም ተጠራርተው ይሄዱ ነበር። ዛሬ በለንደን ከተማ ውስጥ አንድም የስፒድዌይ ትራክ የለም። ገሚሱ መኖሪያ ቤት ሆኗል፤ አንዱ ሱፐርማርኬት፣ አንዱ መናፈሻ፣ አንዱ ቢሮ። ትራኮቹ የቀሩት በእነዚህ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ከልጆቻቸው ይልቅ ከእኛ ጋር ነው የሚውሉት።

እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጠይቋቸው። “ስፖርት ይወዳሉ?” አትበሉ፤ “አዎ” ይሉና ያልቃል። “ስፒድዌይ አይተው ያውቃሉ? የትኛው ትራክ?” በሉ። ትራክ የተጠየቀ ሰው ስለ ሜዳ ብቻ አይመልስም። ከማን ጋር እንደሄደ፣ በየትኛው አውቶቡስ፣ የት ጋ እንደቆመ፣ ምን እንደበላ አብሮ ይመጣል። ግን ለመጠየቅ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ምኑንም የማያውቅ ጠያቂ ቶሎ ይታወቃል። ስለዚህ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ጨዋታውን። አራት ሰው፣ አራት ሞተር፣ አራት ዙር። ትራኩ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ዛሬ ቀላ ያለ አፈር ይነጠፍበታል፣ ድሮ ድሮ የተቃጠለ የድንጋይ ከሰል ፍርፋሪ ነበር። የሚዞሩት ወደ ግራ ብቻ ነው። ሞተሩ 500 ሲሲ ነው፤ ፍሬን የለውም። ማርሹም አንድ ብቻ። ኩርባ ላይ ሲደርሱ የኋላውን ጎማ ሆን ብለው ያንሸራትቱታል፤ ግራ እግራቸው ላይ የብረት ጫማ አጥልቀው መሬቱን እየፋቁ ይጠመዘዛሉ። አንዱ ውድድር አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1፣ አራተኛው ባዶ። በአንድ ምሽት ከደርዘን የሚበልጥ ውድድር ይካሄድና የሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ይደመራል።

ተመልካቹ ቆሞ አይጮህም ብቻ። ፕሮግራሙንና እስክሪብቶውን ይዞ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ውጤቱን ራሱ ይሞላል። ይህን ልብ በሉት፤ ለሥራችን ይጠቅመናል። ብዙ መናገር ላቆመ ሰው ወረቀት ላይ አራት መስመር አስምራችሁ እስክሪብቶ ስጡት። ስፒድዌይ ያደገበት ሰው ከሆነ እጁ 3፣ 2፣ 1፣ 0 እያለ ሊጽፍ ይችላል።

ሽታውስ? ነዳጁ ሜታኖል ነው። የሞተር ዘይቱ ደግሞ የጉሎ ዘይት ነበር። አዎ፣ ያው ጉሎ! እህቶቼ ለጸጉር የምንቀባው። ጥሬውን ብታሸቱት እዚህ ግባ የሚባል ሽታ የለውም። የጋለ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ግን ጣፈጥ ያለ፣ አፍንጫ ላይ የሚቀር ሽታ ይወጣዋል። የድሮ ደጋፊ ስለ ስፒድዌይ ሲያወራ ከአሸናፊው በፊት ሽታውን ነው የሚያነሳው። ጠርሙሳችሁን አሳዩአቸውና “ይሄ ለሞተር ይሆን ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?” በሏቸው። እንዳታቃጥሉት ብቻ አደራ፤ የእሳት ደወሉ ቤቱን ያስወጣዋል።

ቀጥሎ ቀኑ። በአገራችን የማክሰኞ ገበያ፣ የቅዳሜ ገበያ እንደምንለው ሁሉ እያንዳንዱ ትራክ የራሱ ቀን ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሰኞ ዊምብልደን ነው። ማክሰኞ ዌስትሃም። ረቡዕ ኒው ክሮስ። ሐሙስ ዌምብሌይ። አርብ ሃሪንጌይ። ገንዘብና ጉልበት ያለው ወጣት ከሰኞ እስከ አርብ በየምሽቱ ሌላ ትራክ ማየት ይችል ነበር። ስለዚህ የትራኩን ስም የረሳ ሰው ካጋጠማችሁ ቀኑን ጠይቁት። “ማክሰኞ ማክሰኞ” ካላችሁ የምሥራቅ ለንደን ሰው ነው፤ ወደ ከስተም ሃውስ ውሰዱት።

ከከስተም ሃውስ ልጀምር፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ዌስትሃም ሲባል እኛ የምናውቀው የእግር ኳሱን ነው። የስፒድዌዩም ቡድን “ሃመርስ” ይባል ነበር፤ ሜዳው ግን ሌላ ነው። ከቴምዝ ወደቦች አጠገብ፣ ከስተም ሃውስ ሰፈር ውስጥ፣ በ1928 የተከፈተ ግዙፍ ስታዲየም ነበር። በ1930ዎቹ በአንድ ምሽት ከ80,000 በላይ ሰው የገባበት ጊዜ አለ። የወደብ ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። በ1972 ተዘጋ። ፈረሰ። ቤት ተሠራበት።

ግን ቤቶቹን የሠሩት ሰዎች አንድ ደግ ነገር አደረጉ። መንገዶቹን በተወዳዳሪዎቹ ስም ጠሯቸው። ዊልኪንሰን ሮድ፣ ያንግ ሮድ፣ አትኪንሰን ሮድ፣ ክሩምስ ሮድ፣ ሆስኪንስ ክሎዝ። በዚያ ሰፈር ደንበኛ ያላችሁ እነዚህን ስሞች በየቀኑ ስልካችሁ ካርታ ላይ ትጽፏቸዋላችሁ። ዊልኪንሰን ማለት አውስትራሊያዊው ብሉይ ዊልኪንሰን ነው። በ1938 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ዋዜማ ላይ ወድቆ የትከሻ አጥንቱን ሰበረ። በማግስቱ ምሽት ትከሻው ታስሮ ዌምብሌይ ላይ ተወዳደረና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያንግ ደግሞ ጃክ ያንግ ነው፤ እሱም አውስትራሊያዊ፤ በ1951 እና በ1952 ተከታትሎ ዋንጫውን የወሰደ። የመጀመሪያውን ሲያሸንፍ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ለኤድንብራ ነበር የሚወዳደረው፤ ዌስትሃም ከዚያ በኋላ ነው ያስመጣው። አርተር አትኪንሰንና ቶሚ ክሩምስ የቡድኑ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ሆስኪንስ ግን ተወዳዳሪ አይደለም። ጆኒ ሆስኪንስ ኒውዚላንድ ተወልዶ፣ በ1923 አውስትራሊያ ውስጥ ዌስት ሜይትላንድ በምትባል ከተማ ይህን ውድድር ካስጀመሩት አንዱ ነው፤ እንዲያውም ብዙዎች አባቱ ይሉታል። በኋላ ለንደን መጥቶ ዌስትሃምን መራ።

ሮድና ክሎዝ ላይ የሰው ስም መለጠፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን እዚያ ሰፈር ውስጥ ለአንዲት እናት “ያንግ ማነው?” ስል የተመለሰልኝን መልስ ሌላ ቦታ በአንድ ሰዓት ጥያቄ አላገኘሁትም። ጃክ ያንግ እንዴት ሞተሩ ላይ ዘና ብሎ እንደሚቀመጥ በሁለት እጃቸው አሳዩኝ። ሽማግሌዎቹን ብቻ አትጠይቁ ማለቴም ለዚህ ነው። ሴቶቹ ብዙ ነበሩ። እንዲያውም ተወዳዳሪዎቹ መልከ መልካም ስለነበሩ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ስም የሚያስታውሱት ሴቶቹ ናቸው።

ወደ ሀክኒ ዊክ ልሻገር። ይኼኛውን እኛ ሐበሾች ሳናውቀው በደንብ እናውቀዋለን። ሀክኒ ከጦርነቱ በፊት የጀመረ ትራክ ነው፤ ወርቃማ ጊዜው ግን ከ1963 እስከ 1983 ነው። ቡድኑ “ሆክስ” ይባላል፤ ጭልፊቶቹ እንደማለት። አዘጋጁ ሌን ሲልቨር ነበር። ሃሪንጌይ በ1954 ካቆመ በኋላ ባዶ የነበረውን አርብ ሀክኒ ወሰደው። ምሥራቅ ለንደን ውስጥ አርብ ማታ ማለት ሀክኒ ማለት ሆነ። ትራኩ በወንዝና በቦይ መካከል፣ ፋብሪካ በበዛበት ቆላ መሬት ላይ ነበር። በ1995 ስታዲየሙ ታድሶ የዓለም ግራንድ ፕሪ የብሪታንያ ውድድር እዚያ ተደረገ፤ አሜሪካዊው ግሬግ ሃንኮክ አሸነፈ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1996፣ “ለንደን ላየንስ” በሚል ስም አንድ የውድድር ዘመን ሮጠና አበቃ።

ያ መሬት ዛሬ የኦሎምፒክ ፓርኩ ውስጥ ነው። በ2012 ጋዜጠኞች የሰፈሩበት ማዕከል የተሠራው እሱ ላይ ነው። ባንዲራችንን ይዘን ወደ ስትራትፎርድ የወረድንባቸውን ሁለት ምሽቶች አስታውሱ። ጥሩነሽ ዲባባ የ10,000 ሜትር ወርቅ የወሰደችው ሐምሌ መገባደጃ ላይ፣ በኦገስት 3 ነው። መሠረት ደፋር 5,000ውን ያሸነፈችው በኦገስት 10። ካላንደር ገልጣችሁ እዩ፤ ሁለቱም አርብ ናቸው። አርብ ማታ፣ ሀክኒ አጠገብ፣ ወደ ግራ እየዞሩ! ይህን ለሀክኒ ሰው ስትነግሩት በሳቅ ነው የሚሞተው።

እኔ የምሠራበት ቤት አንድ አባት አርብ አመሻሽ ላይ ኮታቸውን ይፈልጋሉ። በሩ ጋ ሄደው ይቆማሉ። “የትም አይሄዱም፣ ይቀመጡ” ሲባሉ ይቆጣሉ። በፋይላቸው ላይ “አርብ ማታ እረፍት ያጣሉ” ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው ሀክኒ ዊክ ያደጉ ናቸው። ነገሩ ሲገባኝ “ዛሬ ማን ከማን ነው?” አልኳቸው። መጀመሪያ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ተቀመጡ። የሚቆሙት አንደኛው ኩርባ ላይ ነው። እዚያ የሚቆም ሰው አፈር ይለብሳል፤ ጎማው የሚረጨው አፈር ፊት ላይ ይመጣል። ለዚህ ብለው ካርቶን ይይዙ ነበር፤ ሞተሮቹ ሲደርሱ ፊታቸውን ይሸፍኑበታል። ሚስታቸው ግን እዚያ አትቆምም ነበር፤ ጸጉሯን ትወድ ነበር አሉኝ። ይኼ ሁሉ ፋይሉ ላይ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። “ሀክኒ እኮ ፈርሷል” ብላችሁ አታርሟቸው። ምን ልታተርፉ? ለእሳቸው በዚያ ቅጽበት አልፈረሰም። መርዶውን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ማርዳት ግፍ ነው። ውሸት ተናገሩም አልላችሁም። ጠይቁ ብቻ። የሚጠይቅ ሰው አይዋሽም።

ደቡብ ለንደን ላላችሁ ኒው ክሮስ አለላችሁ። ከኦልድ ኬንት ሮድ ወረድ ብሎ የነበረ ትንሽዬ ትራክ ነው። ዙሩ 240 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ከማጠሩና ከመክበቡ የተነሳ “መጥበሻው” ይሉት ነበር። ሞተር ገና ቀጥ ሳይል ሌላ ኩርባ። አሜሪካዊው ጃክ ሚልን በ1937 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የኒው ክሮስ ልጅ ነበር። ግን ይህን ትራክ ስታነሱ ቀስ በሉ። ቶም ፋርንደን የሚባል የዘመኑ ኮከብ በ1935 እዚያው ወድቆ ከሁለት ቀን በኋላ ሞቷል። ስፒድዌይ ሰው የሚገድል ስፖርት ነው። የሰማችሁት ታሪክ በድንገት ወደ ለቅሶ ሊዞር ይችላል። ያኔ ወሬ አትቀይሩ። እኛ ለቅሶ መቀመጥ እናውቅበታለን፤ አብራችሁ ተቀመጡ። መጥበሻው ዛሬ ብሪጅሃውስ ሜዶውስ የሚባል መናፈሻ ነው። ዊልቸር ለመግፋት ጥሩ ቦታ ነው፤ ሰውየውን ይዛችሁ ብትሄዱ የት እንደነበረ እሱ ያሳያችኋል።

ዊምብልደን ላይ ግራ እንዳትጋቡ። አዛውንቱ “ፕላው ሌን” ሲሉ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። የድሮው የእግር ኳስ ሜዳ አለ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ የውሻ እሽቅድምድምና የስፒድዌይ ስታዲየም ነበር። ያኛው ስታዲየም ፈርሶ በ2020 የዊምብልደን እግር ኳስ ቡድን አዲስ ሜዳ ተከፈተበት። ስለዚህ “ኳስ ነው፣ ውሻ ነው ወይስ ሞተር?” ብላችሁ ለዩ። ሞተር ካሉ ስለ ሮኒ ሙርና ስለ ባሪ ብሪግስ ጠይቁ። ሁለቱም ኒውዚላንዳውያን ናቸው። ሙር በ1954 እና በ1959፣ ብሪግስ በ1957 እና በ1958 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ ብሪግስ በኋላ ሁለት ጨምሯል። ከ1954 እስከ 1961 ባሉት ስምንት ዓመታት ውስጥ ዊምብልደን ሰባት ጊዜ ሊጉን ወሰደ። የዚያ ዘመን ደጋፊ ዛሬም አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚያወራው። ስፒድዌዩ በ1991 ቆመ፤ በ2002 ተመልሶ እስከ 2005 ቆየ። ለንደን ውስጥ የመጨረሻው እሱ ነበር።

ዌምብሌይ ሌላ ዓለም ነው። ሌላው ትራክ የሰፈር ነው፤ ዌምብሌይ የአገር ነበር። የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1936 እዚያ ተደረገ፤ ለመጨረሻ ጊዜ በ1981፣ አሜሪካዊው ብሩስ ፔንሃል ያሸነፈ ጊዜ። በሁለቱም ዘመን ከ90,000 በላይ ሰው የገባባቸው ፍጻሜዎች አሉ። የቤቱ ቡድን “ላየንስ” ነበር። በ1949 የመጀመሪያው እንግሊዛዊ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቶሚ ፕራይስ የእነሱ ነው፤ የዌልሱ ፍሬዲ ዊሊያምስም እንዲሁ፣ በ1950 እና በ1953። ቡድኑ ከ1956 በኋላ ተበተነ፣ በ1970 ለሁለት ዓመት ተመለሰ፣ ደግሞ ቀረ። የሩቅ ከተማ ሰዎች ሳይቀሩ ዌምብሌይን ያውቁታል፤ በአውቶቡስ ተጭነው ለፍጻሜ ይመጡ ነበርና። ስለዚህ የምትንከባከቡት ሰው ለንደናዊ ባይሆንም ይህን ጠይቁት።

ዋይት ሲቲ ላይ ግን ቆም በሉ። ሼፐርድስ ቡሽ እንጀራ ልትበሉ ስትሄዱ በአጠገቡ ታልፋላችሁ። ስታዲየሙ ለ1908 ኦሎምፒክ ነው የተሠራው። የዚያ ዓመት ማራቶን ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነስቶ እዚያ፣ ንጉሣውያኑ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት አለቀ። የተሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነበር። በ1921 ያ ርቀት የማራቶን ቋሚ ርቀት ተባለ። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው ርቀት እንግዲህ ይኼው የሼፐርድስ ቡሽ ርቀት ነው። ስፒድዌይ እዚያ በ1920ዎቹ መጨረሻ ነበረ፤ ከ1976 እስከ 1978 ደግሞ “ሬብልስ” የሚባል ቡድን ገባ፤ በ1977 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ በማግስቱ ዓመት ተዘጋ። ሻምፒዮን ሆኖም ሕዝቡ አልበቃውም። ስታዲየሙ በ1985 ፈረሰ፤ የቢቢሲ ሕንጻ ተተከለበት።

ሃሪንጌይ ዛሬ ሱፐርማርኬት ነው። ክሪስታል ፓላስ ላይም ነበረ፤ ወደ ኒው ክሮስ የተዛወረው ቡድን የመጣው ከዚያ ነው።

ለምን ጠፉ? ብዙ ሰው ቴሌቪዥን ይላል። እሱም አለበት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመዝናኛ ግብሩም ከባድ ነበር። እኔ ግን ዋናው ተከራይነት ነው እላለሁ። የአብዛኞቹ ስታዲየሞች ጌታ የውሻ እሽቅድምድም ነበር። ስፒድዌይ በሳምንት አንድ ምሽት የሚከራይ ነው። የውሻው ጉልበት ምን ያህል እንደነበር ላሳያችሁ፤ በ1966 የዓለም ዋንጫ ኡራጓይና ፈረንሳይ ዋይት ሲቲ ላይ የተጫወቱት ዌምብሌይ የውሻ ምሽቱን አልሰርዝም ስላለ ነው። ከ1961 ጀምሮ ግን በየመንገዱ የምናያቸው የቁማር ሱቆች ሕጋዊ ሆነው ተከፈቱ። ለመወራረድ ስታዲየም መሄድ ቀረ። ውሻው ሲከስር ባለቤቱ መሬቱን ሸጠ። ተከራዩ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ለንደን ውስጥ ተከራይ መሆን ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

አሁን ወደ ልመናዬ። ነዋሪው ሲገባ የሕይወት ታሪኩ የሚሞላበት ቅጽ አለ። “የሚወደው ነገር” የሚል ሳጥን አለው። እዚያ ላይ “ስፖርት፣ ቲቪ” ተጽፎ ስታዩ እለፉት እንዳትሉ። የራሳቸው የኬር ኤጀንሲ የከፈቱ ወገኖችም አላችሁ፤ ቅጹ በእጃችሁ ነውና አንድ መስመር ጨምሩበት። ትራኩን፣ ቀኑን፣ የት ጋ ይቆም እንደነበር። ሦስት ቃል በቂ ነው። ሲሞላ ለቤተሰቡም ንገሩ። ልጆቹ ብዙ ጊዜ አያውቁትም፤ አባታቸው ኮቱ ላይ የሚደረድራቸው የቡድን ባጆች የት እንደገቡ ያኔ ነው መፈለግ የሚጀምሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቪዲዮ አንስታችሁ ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፉ። ለሥራችሁም አይበጅም፤ ለእሳቸውም ክብር አይደለም። ታሪኩ የእሳቸውና የቤተሰባቸው ነው።

አቅም ያላቸውን አዛውንቶች ይዞ መውጣት ለሚችል ቦታ ልጠቁም። ከለንደን በሰሜን ምሥራቅ፣ ኤፒንግ ደን ውስጥ፣ ሃይ ቢች የሚባል ቦታ አለ። የካቲት ውስጥ፣ ፌብሯሪ 19 ቀን 1928፣ ኪንግስ ኦክ ከሚባለው መጠጥ ቤት ጀርባ የተደረገው ውድድር የብሪታንያ ስፒድዌይ መጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል። እስከ 30,000 ሰው መጣ ይባላል። መጠጥ ቤቱ ዛሬም አለ። ድምፁንና አፈሩን የፈለገ ደግሞ ወደ ኢፕስዊች ይሂድ። ከሊቨርፑል ስትሪት በባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው፤ ፎክስሆል የሚባለው ትራክ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ውድድሩ ከፀደይ እስከ መኸር፣ ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ማታ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ስለ ዊልቸር ቦታ ጠይቁ። የጆሮ መሸፈኛና ብርድ ልብስ ያዙ። ኩርባ አንድ ላይ የምትቆሙ ከሆነ ካርቶንም።

በተረፈ በያላችሁበት ሰላም ሁኑ።

ከምሥራቅ ለንደን
የሥራ ባልደረባችሁ

ማስታወሻ፦ የቼልሲ ደጋፊ ለሆናችሁ ብቻ። ስታምፎርድ ብሪጅም የስፒድዌይ ትራክ ነበረው፤ እስከ 1932 ድረስ። በ1929 የመጀመሪያውን የደቡብ ሊግ ዋንጫ የወሰደው የስታምፎርድ ብሪጅ ቡድን ነው። የእግር ኳሱ ቼልሲ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫውን እስኪያነሳ 1955 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። የአርሰናል ደጋፊ የሆኑ አዛውንት ቢኖሯችሁ ይህን ንገሯቸውና ምሳቸውን በደስታ ይበላሉ።